የ14 ዓመት ልጅ በኮድ ገንዘብ መሥራት ከየት ይጀምር?

ሰላም፣ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት እችላለሁ፤ በስልክም በኮምፒውተርም በትክክል የሚከፈት ባለአንድ ገጽ ድረ ገጽ እሠራለሁ። ያስቸገረኝ ክፍያው ነው። የኦንላይን ሥራ ማግኛው አፕወርክም፣ የገንዘብ መቀበያው ፔይፓልም 18 ዓመት ይጠይቃሉ፤ ዕድሜ ዋሽቶ መመዝገብ ደግሞ መታወቂያ የተጠየቀ ዕለት አካውንቱን ከነገንዘቡ ያሳግዳል። ጌም ሠርቶ የሚለቀቅበት ሮብሎክስ ለሠሪዎች ከ13 ዓመት ጀምሮ ይከፍላል፣ ግን መጀመሪያ 30,000 ሮበክስ (የጌሙ ውስጥ ገንዘብ) ሠርቶ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ለጀማሪ ሩቅ ነው።

ስለዚህ ለሚያውቁን ነጋዴዎች በቀጥታ ልሠራ አስቤያለሁ፤ ውሉን እናቴ ትፈርማለች፣ ግማሹ ክፍያ በቅድሚያ በእሷ ሒሳብ ይገባል፣ እርማት ሁለቴ ብቻ። ያልገባኝ፣ ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ) በማን ስም ይመዝገብ? በእኛ ስም ሆኖ እድሳቱ ከተረሳ ድረ ገጹ ይጠፋል፣ ተወቃሹም እኔ ነኝ። በደንበኛው ስም ከሆነስ የይለፍ ቃሉን ሳልቀበል እንዴት ልሥራ? ከርክክብ በኋላ ለሚመጣው «ይቺን ብቻ ቀይርልኝ»ስ በሰዓት ላስከፍል ወይስ በወር? የሠራችሁበት እባካችሁ ንገሩኝ።