ኮርስ ሳይክል ልገዛ ነው፤ መንዳት ግን አልችልም

ሽምብጧ

ሰላም ለዚህ ቤት። አትሳቁብኝ ብዬ ልጀምር። ባሕር ዳር ተወልጄ፣ ባሕር ዳር አድጌ፣ 34 ዓመት ሞልቶኝ ሳይክል መንዳት አልችልም። አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ ስሄድ «የሳይክል ከተማ ልጅ» ይሉኛል። እኔም ዝም ብዬ እቀበላለሁ።

ቤታችን ሳይክል አጥቶ አያውቅም። መጀመሪያ የአባቴ ነበር፣ ቀጥሎ የወንድሞቼ ሆነ። እኔ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ተቀምጬ ነው ያደግሁት። አንድ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ሊያስተምረኝ ሞክሮ ቀሚሴ ካቴናው ውስጥ ገባ። ወደፊት አይሄድ፣ ወደኋላ አይመለስ። እናቴ መቀስ ይዛ መጥታ ቀሚሱን ቆርጣ አወጣችኝ። «ይኸው ነበር የቀረሽ!» አለች፤ ትምህርቱም በዚያው አለቀ።

አሁን የምሠራው ፔዳ አካባቢ ነው። ጠዋት ባጃጅ ስጠብቅ የምቆመው ከምሄደው ይረዝማል። በዚህ ስበሳጭ ሰንብቼ፣ ባለፈው እሑድ ማለዳ ኮርስ (ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ሳይክል) የሚነዱ አምስት ልጆች አጠገቤ ሽው ብለው አለፉ። ሁለቱ ሴቶች ናቸው። የካቴናው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ልክ ዚፕ ሲዘጋ እንዳለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ዓይነት ሳይክል ዓይኔ አይሞላም።

ሁለት ያገለገሉ ኮርሶች አግኝቻለሁ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። አንደኛው የድሮ ብረት፣ ሰማያዊ ነው። ማርሹ የሚቀየረው ቴላዮው (የሳይክሉ አካል) ላይ ባሉ ሁለት ትንንሽ ዘንጎች ነው። 54 የሚል ቁጥር አለበት። ሻጩ «ለልጅ ልጅሽ ይደርሳል» ብሎኛል። ሁለተኛው አሉሚኒየም ነው፣ ወይን ጠጅ፣ 49 ይላል። ከውጭ የመጣች ሴት ትታው የሄደችው ነው አሉ። የዚህኛው ሻጭ ስለ ፍሬኑ ብጠይቀው፣ ስለ ጎማው ብጠይቀው መልሱ አንድ ነው፦ «የሴት ነው አልኩሽ እኮ።»

ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። የሴት ኮርስ የሚባል ነገር በእውነት አለ ወይስ ቀለሙ ነው? ገዝቼ በዚያው ልማርበት ወይስ መጀመሪያ ሌላ ይሻላል? ደግሞስ የት ልማር? ሰው የማያየኝ ቦታ ብታገኙልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ሰው የማያይበት ቦታ ካለ ማለቴ ነው።

ዳገት አልወድም

እህቴ፣ ኮርሱን ተይው። ማውንቴን ግዢ። ኮብልስቶን ላይ ያ ቀጭን ጎማ ጥርስሽን ያረግፈዋል። ኮርስ ለተወዳዳሪ ነው። እኔ ገዝቼ በሦስተኛው ሳምንት ሸጥኩት። ወገቤ እስካሁን ይመሰክራል።

የማለዳ ፔዳል

ወንድሜ፣ ወገብህን እግዜር ይማርህ፤ ግን ሳይክሉ በልክህ ነበር? ሰው ጫማ ሲገዛ ቁጥሩን ይጠይቃል፤ ሳይክል ሲሆን ያገኘው ላይ ይወጣል።

ሽምብጧ፣ እኔ የተማርኩት በ36 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጅ ወልጄ። ስለዚህ አንቺ ገና ልጅ ነሽ።

የሴት ኮርስ አለ ወይ ላልሽው፦ ነበረ፣ በከፊል አሁንም አለ። አንዳንድ ኩባንያዎች ከኮርቻ እስከ መሪ ያለውን ርቀት አሳጥረው፣ መሪውን አጥብበው፣ ኮርቻውን አስፍተው «የሴት» ብለው ይሸጡ ነበር። በኋላ ብዙዎቹ ይህን ተዉት። ቴላዮው ለሁሉም አንድ ይሆናል፣ በትንንሽ ቁጥርም ይሠራል፤ የሚለየው ኮርቻው፣ መሪውና ቀለሙ ነው። እኔ የምነዳው ጥቁር ነው፣ የማንም አይደለም፣ ግን ልኬ ነው። የሻጭሽን «የሴት ነው»ን እርሺውና ራስሽን ለኪ።

እንዲህ ነው። ጫማሽን አውልቀሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ቁሚ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ጭንሽ መሃል አስገብተሽ፣ ኮርቻ ላይ የተቀመጥሽ ያህል እስኪሰማሽ ወደ ላይ ሳቢው። ጠርዙ ግድግዳውን የነካበት ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ከወለሉ እስከዚያ ስንት ሴንቲ ነው? ያንን በ0.883 ስታባዢው፣ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ዘንግ መሃል እስከ ኮርቻው አናት የሚኖረውን ቁመት ይሰጥሻል። መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። በእግርሽም ታረጋግጪዋለሽ፦ ኮርቻው ላይ ተቀምጠሽ ተረከዝሽን ታች ባለው ፔዳል ላይ ስታደርጊ ጉልበትሽ ቀጥ ካለ፣ በእግርሽ ፊት ስትነጂ በመጠኑ ይታጠፋል። የሚፈለገው እሱ ነው።

ከዚያ ሄደሽ ሁለቱንም ሳይክል አንፈራጥጠሽ ቁሚባቸው፣ ሁለቱም እግርሽ መሬት ይዞ። በላይኛው ቱቦና በአንቺ መሃል ሁለት ሦስት ሴንቲ ክፍተት ከሌለ ያ ሳይክል ያንቺ አይደለም። ድንገት ስታቆሚ የምትወርጂው ቱቦው ላይ ነው። ያ ቁጥር የቴላዮው መጠን ነው፤ በቁመትሽ ስገምት 54ቱ እዚያ ላይ ይወድቃል።

ቀጥሎ እጅሽ። መሪውን ፍሬኑ ከተገጠመበት ላይ ያዢና በሁለት ጣት ፍሬኑን ሳቢ። ጣትሽ የሚደርሰው በጥፍርሽ ከሆነ ብዙ አትነጂውም። በአንዳንዱ እጀታ ውስጥ ወደ መሪው የምታስጠጋ ትንሽ ቡሎን አለች፣ ጠይቂ። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ክረምት ሙሉ የአውራ ጣቴን ሥር እያመመኝ ነዳሁ።

ስለ ኮርቻ ደግሞ ማንም ደፍሮ የማይነግርሽን ልንገርሽ። ለስላሳና ወፍራም ኮርቻ ምቾት አይደለም። ክብደትሽን መሸከም ያለበት ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶችሽ ናቸው፣ ለስላሳው ግን ሰምጦ መሃሉን ያስጨንቃል። ካርቶን ጠንካራ ወንበር ላይ አንጥፊና ጉልበትሽን ከፍ አድርገሽ ተቀመጪበት። ስትነሺ ሁለት የጎደጎዱ ምልክቶች ታያለሽ። ከመሃል መሃል ለኪው። የእኔ 13 ሴንቲ ነው፣ ኮርቻዬ 15 ነው። ባለቤቴ ካርቶኑ ላይ ተቀምጬ ቢያገኘኝ «ምን እየፈለፈልሽ ነው?» አለኝ።

መማሩን በኮርስ አትጀምሪው። መሪው የተጎነበሰ ነው፣ ፍሬኑ ሩቅ ነው፣ ገና ሚዛን ያልያዘ ሰው ይደነግጣል። በሰዓት የሚከራይ ተራ ሳይክል ውሰጂ። ኮርቻውን ሁለቱም እግርሽ ሙሉ በሙሉ መሬት እስኪረግጥ አውርጂ። ከተፈቀደልሽ ፔዳሎቹን አስፈቺ። ከዚያ እንደ ሕፃን በእግርሽ እየገፋሽ ሂጂ። ወደ ጎማው አትዩ፣ ሩቅ እዩ፤ ሳይክል ዓይን ወዳየበት ነው የሚሄደው። እግርሽን አንስተሽ አሥር ሜትር መንሸራተት ስትችዪ ሚዛን ያዝሽ ማለት ነው፤ ፔዳሉን አስመልሺ። ወንድምሽ ከኋላ ኮርቻውን ይዞ እንዲሮጥ አታድርጊ። እሱ ይደክማል፣ አንቺ ሚዛኑን አትማሪም።

ቦታ፦ ወደ ኤርፖርት የሚወስደው ሰፊ መንገድ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ሰው ያይሻል። ሩጫ የወጣው ሁሉ ያይሻል። ምን ይሆናል? ከሰዓት አትሂጂ፣ ከጣና የሚነሳው ነፋስ ለጀማሪ ከባድ ነው፣ ባጃጁም በዝቷል። ሱሪ ልበሺ፣ የቀኝ እግሩን በላስቲክ እሰሪው። የቀሚሱን ታሪክ ስላነበብኩ ነው።

ኮርሱን የምትወጪበት ቀን፦ እጅሽን ላይኛው ላይ አድርገሽ ጀምሪ፣ ወደታች የታጠፈውን ለጊዜው እርሺው። ጫማሽን ፔዳሉ ላይ የሚያስር ነገር አታስገጥሚ። የትኛው እጀታ የፊቱን ፍሬን እንደሚይዝ ቆመሽ እዪ፣ ከሳይክል ሳይክል ይለያያልና። ዋናው አቋሚ የፊቱ ነው፤ ግን በድንገት አይሳብም፣ ቀስ ተደርጎ ይጨመቃል፣ መቀመጫ ወደኋላ ሸሸት ተደርጎ። ዝናብ ሲሆን ነጩ የመንገድ ቀለም ላይ አትጠምዝዢ። እኔ አንዴ የተነጠፍኩት እዚያ ላይ ነው። ሄልሜት ያለ ጥያቄ።

ኪያቤ

ልጄ፣ ሳይክል ስጠግን ነው ፀጉሬ የሸበተው። ሴቷ የነገረችሽ ሁሉ ልክ ነው። እኔ የእጅ ሥራውን ልጨምር።

ሰማያዊው ብረት ጥሩ ነገር ነው፣ አላጣጥልም። ነገር ግን እንዲያ ዓይነቱ የድሮ ኮርስ ብዙ ጊዜ የፊት ማርሹ 52 እና 42 ጥርስ ነው። ለጀማሪ ጉልበት ይበላል። ማርሽ ለመቀየርም አንድ እጅሽን ከመሪው ታነሻለሽ። የአዲሱ ዘመን ኮርስ የፊቱ 50 እና 34 ሊሆን ይችላል፣ የኋላው ትልቁ 28 ወይ 32። ከተማው ሜዳ ነው ትያለሽ፤ የቤዛዊትን ዳገት የወጣሽ ቀን ያቺን 34 ታመሰግኛታለሽ። ሁለቱንም ጥርስ ቁጠሪ፣ በጣትሽ።

ካቴናውን ከፊት ትልቁ ማርሽ ላይ ይዘሽ ወደፊት ሳቢው። ከጥርሱ ተነስቶ ብርሃን ካሳየሽ አልቋል፣ ከዋጋው አስቀንሺ። ጎማውን አንስተሽ አሽከርክሪና ቸርኬው በፍሬኑ መሃል ሲያልፍ ይወላገድ እንደሆነ እዪ። አሉሚኒየሙን ብየዳው አካባቢ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ፈልጊበት። ካለ፣ ገንዘብሽን ይዘሽ ተመለሺ።

ፔዳል አስፈቺ ስላለችሽ፦ የግራው ፔዳል ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው። ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው የሚፈታው። ይህን ያላወቀ ጎረምሳ በጉልበቱ ሞክሮ አበላሽቶ ያመጣልኛል፣ በየጊዜው።

ኮብልስቶን ያለው ልጅም አልተሳሳተም። መልሱ ግን ጎማ ነው። ቴላዮው ከፈቀደ ስፋቱ 28 ሚሊ ወይ 32 የሆነ አስገቢ፣ በ23 አትሰቃዪ። ጎሚስታም እንደ ድንጋይ እስኪደነድን አይንፋልሽ።

ስለ መንፋት ካነሳሁ ቫልቩን እዪ። የብዙ ኮርስ ቫልቭ ቀጭን ነው፣ ፕሬስታ ይሉታል። የጎሚስታ ፖምፓ አፍ አይገጥመውም። ትንሽ የናስ መቀየሪያ አለች፣ ትጠመዘዝበታለች፣ ሁለት ግዢ። ከመንፋትሽ በፊት የቫልቩን ጫፍ ፍቺው፣ ስትጨርሺ መልሰሽ አጥብቂው። ለሌላ ሰው አትስጪ፣ ራስሽ አድርጊው።

በ2008 ዓ.ም ፅጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነ ጊዜ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የአባቱን ሳይክል ይዞ መጥቶ «መሪውን ወደታች አጥፍልኝ» ይለኝ ነበር። ኮርስ በመሪ አይሆንም ብዬ እመልሳቸው ነበር።

ሽምብጧ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ።

ጭኔ ሥር የለካሁት 74 ወጣ። በ0.883፣ 65 ሴንቲ ከምናምን። ሰማያዊው ላይ ቆምኩ፣ ቱቦው ነካኝ ብቻ ሳይሆን አነሳኝ። ሻጩ «ትለምጅዋለሽ» አለኝ። 49ኙን ገዛሁ። ጋሼ ኪያቤ፣ እንዳሉኝ ጥርሱን በጣቴ ቆጥሬ 34 አገኘሁ። ካቴናው ግን ብርሃን አሳየኝ። «የሴት ነው አልኩሽ እኮ» ሲለኝ «የሴት ካቴና አያልቅም እንዴ?» ብዬው ዋጋውን ቀነሰ። ካቴናና 28 ሚሊ ጎማ አስቀየርኩ።

የተማርኩት ግን በኪራይ ሳይክል ነው። አራት ማለዳ ፈጀብኝ። ሦስቱን ቀን እግሬን እየጎተትኩ ነው የዋልኩት። አንድ ሽማግሌ በየቀኑ በከዘራቸው እየተራመዱ ይቀድሙኛል፣ ሲያልፉኝ «በርቺ» ይላሉ። በአራተኛው ቀን እኔ ቀደምኳቸው። ዞር ብዬ ላያቸው ስል ሳይክሉም አብሮኝ ዞረና ሣሩ ውስጥ ገባሁ። ዓይን ወዳየበት ነው የሚሄደው ያልሽው፣ እህትዓለም፣ እውነት ነው።

ኮርሱን ሰፈር ውስጥ ያወጣሁ ዕለት እናቴ በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «መቀሱን ላምጣልሽ?» አለች። ሱሪዬን በላስቲክ እንዳሰርኩ አሳየኋት። አልሳቀችም፣ ግን እስክታጠፍ ድረስ ቆማ ነበር።

ያለፈው እሑድ በ2016 ዓ.ም የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ደርሼ ተመለስኩ። 380 ሜትሩን በጎን ባለው የብስክሌት መንገድ ሄድኩ። መሃሉ ላይ ቆሜ ውኃውን ልይ ብዬ ኮርቻው ላይ እንደተቀመጥኩ እግሬን ልዘረጋ ስል መሬቱ ራቀኝ። ለካ መጀመሪያ ከኮርቻው ወደፊት መውረድ ነው። ክርኔ ተፋቀ፣ ሌላ ምንም የለም።

አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ። ጋሼ፣ ከሁለቱ የናስ መቀየሪያዎች አንዷን ጎሚስታ ቤት ረሳኋት፣ ስመለስ የለችም። ሁለተኛዋ ትናንት ከኪሴ ወደቀች። የኋላው ጎማ ደግሞ እየተንፈሰ ነው። ሰኞ ጠዋት ሥራ አለብኝ። እርስዎ ጋ ትኖር ይሆን?

ኪያቤ

አለች። ቅዳሜ ጠዋት ነይ፣ በክር አስሬ ቴላዮው ላይ አንጠለጥልልሻለሁ።