ታዛዋ ሐይቅን ከእናቴ ጋር ለማየት ምክር እፈልጋለሁ

ጠያቂ፦ ውድ አባላት፣ ቶኪዮ በትምህርት ላይ ነኝ። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ስለመጣች በጥቅምት መጨረሻ በአኪታ ግዛት ወደሚገኘው ታዛዋ ሐይቅ ልወስዳት አስቤአለሁ። ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ መራመድ አትችልም፤ እኔም መኪና አልነዳም። በአንድ ቀን ደርሰን መመለስ እንችላለን? አፈ ታሪኩንስ የሚያጫውተኝ ይኖር ይሆን?

የሰንዳይ ተማሪ፦ እህቴ፣ በማለዳ ከተነሣችሁ ይቻላል። ኮማቺ የተባለው ፈጣን ባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ተጉዞ ታዛዋኮ ጣቢያ ያደርሳችኋል፤ ያለ ወንበር ቁጥር ስለማይሳፈሩበት ትኬቱን አስቀድመሽ ቁረጪ። የሐይቁ ዙሪያ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ከጣቢያው ተነሥቶ የሚዞረው አውቶቡስ በአፈ ታሪኩ ከምትነገረው ከታትሱኮ ሐውልት አጠገብ ለጥቂት ደቂቃ ስለሚቆም እናትሽ ሳይደክሙ ያዩታል። በቀን የሚመላለሰው ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ እንደደረሳችሁ የመመለሻውን ሰዓት ከሰሌዳው ላይ በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

የአኪታ ነዋሪ፦ ታሪኩን ለእናትሽ ባቡሩ ውስጥ ንገሪያቸው፤ ያለ እርሱ ሐውልቱ ውኃ ዳር የቆመች ወርቃማ ሴት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ታትሱኮ የተባለች ቆንጆ ልጅ ውበቷ እንዳይረግፍ ካኖን ለተባለችው የምሕረት አምላክ ሌሊት ሌሊት እየተነሣች ትጸልይ ነበር። ወደ አንድ ምንጭ ተመርታ ውኃውን ብትጠጣ ጥሙ አልቆርጥ አላት፤ ስትጠጣ፣ ስትጠጣ ዘንዶ ሆነችና የሐይቁ ጠባቂ ሆና ቀረች። እናቷ ችቦ ይዛ ስትፈልጋት ቆይታ የሆነውን ባወቀች ጊዜ በሐዘን ችቦውን ወደ ውኃው ወረወረችው፤ እርሱም ኩኒማሱ የሚባለው ዓሣ ሆነ ይላሉ። ከሁሉ ይልቅ አንጀቴን የሚበላኝ ይህ የእናቲቱ ነገር ነው። ሐይቁ በብርድ ወራት ወደ በረዶ የማይለወጠው ሃቺሮታሮ የተባለው ሌላ ዘንዶ እነዚያን ወራት ከታትሱኮ ጋር ስለሚያሳልፍ ነው ይባላል፤ እውነተኛው ምክንያት ግን ጥልቀቱ ነው፤ 423.4 ሜትር ስለሚወርድ በጃፓን የሚያክለው ሐይቅ የለም።

ከያማናሺ፦ የዓሣው ነገር በተረት አያበቃም። በ1940 እ.ኤ.አ. ለኤሌክትሪክና ለእርሻ ሲባል የታማ ወንዝ አሲዳማ ውኃ ወደ ሐይቁ እንዲገባ ተደርጎ ኩኒማሱ ከዚያ ጠፋ። ዘሩ አልቋል ሲባል ግን፣ ቀደም ሲል እንቁላሉ ተወስዶ በነበረበት በእኛ ግዛት ሳይ ሐይቅ በ2010 እ.ኤ.አ. በሕይወት ተገኘ። ታዛዋ ሐይቅ ዳር ስለዚሁ ዓሣ የሚያስረዳ ሙዚየም ስላለ፣ ከአቅምሽ በላይ ካልሆነ አንድ ሌሊት እደሩ፤ በአንድ ቀን ብትመለሱ ለእናትሽ ጉልበት የሚከብደው የባቡሩ መንገድ ነው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አድረን እንመለሳለን፤ ማረፊያውንም ዛሬ ማታ እይዛለሁ።