የቀድሞው ዜና ክፍል ፎቶግራፎች ለባልደረቦች መሰባሰቢያ እንዴት ይዘጋጁ?

ጥያቄ

በአንድ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል አብረን ሠርተን በጡረታ የተገለልን ባልደረቦች በቅርቡ ልንሰባሰብ ቀጠሮ ይዘናል። በእጄ አንድ ካርቶን ሙሉ የዜና ክፍሉ ፎቶግራፎች አሉ፤ ከፊሎቹ ገጹ በሚያጣብቅ አልበም ውስጥ ናቸው፣ የቀሩት ከኔጋቲቮች ጋር ተቀላቅለዋል፣ በአብዛኞቹ ላይም ስምና ቀን የለም። የጋዜጠኞቹ ስም በየዕትሙ ታትሞ ይገኛል፤ የፊደል ለቃሚዎቹ፣ የአራሚዎቹና የሾፌሮቹ ስም ግን እኛ ካላስታወስነው የትም አይገኝም። ከምን ልጀምር?

መልስ፣ ከቀድሞ ፎቶ አንሺ

አስቀድመው ኔጋቲቮቹን ይለዩ። የሆምጣጤ ሽታ ያለው ፊልም መበላሸት የጀመረ ነውና፣ የሚወጣው አሲድ አጠገቡ ያለውንም እንዳይጎዳ ነጥለው ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት፤ ስካን ሲደረግም ቅድሚያ ይስጡት። አልበሙ ላይ የተጣበቁትን በቢላ አይንቀሉ። ሰም የሌለው የጥርስ ማጽጃ ክር በፎቶው ጀርባ በኩል ቀስ ብሎ ሲሳብ ብዙውን ጊዜ ያላቅቃቸዋል፤ እምቢ ካሉ ገጹን እንዳለ ስካን ያድርጉት። ለታተመ ፎቶ የ600 ነጥብ በኢንች የስካን ጥራት ይበቃል፣ ለ35 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቭ ግን 3000 ገደማ ያስፈልጋል።

መልስ፣ በጋዜጣ መዝገብ ክፍል ከሠሩ

ጀርባውንም ስካን ያድርጉ። ለኅትመት ያለፈ ፎቶ ከጀርባው የቀን ማኅተም፣ የተለጠፈ መግለጫ ወይም በመቶኛ ስንት እንዲያንስ የታዘዘበት ጽሑፍ ሊኖረው ይችላል፤ ፊቱ ላይ የሚታዩት የቅባት እርሳስ መስመሮችም አዘጋጁ የትኛውን ክፍል ቆርጦ እንዳወጣ የሚያሳዩ ስለሆኑ አይጥረጓቸው። ቀኑ ከተገኘ የዚያን ሰሞን ጥራዝ ያገላብጡ፤ ፎቶው ወጥቶ ከሆነ ስሞቹ ከሥሩ ይኖራሉ። ቀን ከሌለው ሰዎቹ የያዙትን ጋዜጣ በማጉያ መነጽር ይመልከቱ፤ ርእሱ ከተነበበ ፎቶው ከዚያ ዕትም በፊት እንዳልተነሣ ያውቃሉ። ፕላስቲክ የተቀባ የፎቶ ማተሚያ ወረቀት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የመጣ ነው፤ ሆኖም አሮጌ ኔጋቲቭ በአዲስ ወረቀት ሊታተም ስለሚችል ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

መልስ፣ መሰል መሰባሰቢያ ካስተባበሩ

ከላይ የተሰጡት ምክሮች ትክክል ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልስማማም። ሽታ ካለው ፊልም በስተቀር ስካኑ ሊቆይ ይችላል፤ ሰዎቹን የሚያውቁት ባልደረቦች ግን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። እያንዳንዱን ፎቶ በትልቁ አሳትመው በቅጂው ላይ በየሰዉ አናት ቁጥር ይጻፉ፣ ዋናውንም ከቤት አያውጡ። ስሞቹን በጉባኤ ፊት ከመጠየቅዎ በፊት አንድ በአንድ ይጠይቁ፤ በጉባኤ ከሆነ ቀድሞ የተናገረው ሰው ያለው ስም ይጸናና የተጠራጠረው ዝም ይላል። ስሙን ማን እንደነገረዎት፣ እርግጠኛ ይሁን አይሁን ጭምር ይመዝግቡ፤ ሁለት ሰዎች የተለያየ ስም ከሰጡም ሁለቱንም ያቆዩ። ፈቃዳቸውን ጠይቀው ሲያወሩ ድምፃቸውን ይቅዱ፤ ስሙ የጠፋበት ሰው እንኳ «ይህ የማታ ፈረቃ አራሚ ነበር» ካለ ሌላው ቀሪውን ይሞላዋል። መምጣት ላልቻሉት ደግሞ ቅጂውን ቤታቸው ድረስ ይውሰዱላቸው።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከአንጋፋዎቹ እጀምራለሁ። ስሞቹን በፎቶዎቹ ጀርባ በእስክሪብቶ ብጽፍ ጉዳት አለው? ፎቶዎቹን በኢንተርኔት ላይ ማውጣትስ ይፈቀድልኛል?

መልስ፣ በጋዜጣ መዝገብ ክፍል ከሠሩ

እስክሪብቶ ቀለሙ ወደ ፊት ስለሚያልፍና ስለሚያሰረጉድ አይጠቀሙ፤ በለስላሳ እርሳስ ጠርዙ ላይ የፎቶውን ቁጥር ብቻ ይጻፉ፣ እርሳስ የማይቀበለውን ፕላስቲክ የተቀባ ወረቀት ደግሞ ቁጥሩ በተጻፈበት ፖስታ ውስጥ ያኑሩት። ፎቶው በእጅዎ መሆኑ የማሳተም መብት አይሰጥዎትም፤ በሥራ ላይ የተነሣ ከሆነ መብቱ በአብዛኛው የአሳታሚው ነውና አስቀድመው የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቁ፣ በፎቶው ላይ ያሉትን ወይም ቤተሰቦቻቸውንም ያማክሩ።