«ተመስጦ» ወይስ «ማሰላሰል»? አንድ የጸሎት ስም ሲያስቸግር

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። አንዲት ቃል ይዞ በዝምታ ስለ መጸለይ የሚናገር ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። ልምምዱን በመጽሐፍ ቅዱስ የሚመዝን ጽሑፍ ነው። ስሙን «የተመስጦ ጸሎት» ብዬው ነበር። ጓደኛዬ አየና «ገና ሳትመዝነው ፈረድክለት እኮ» አለኝ። ምን ማለቱ ነው?

ቀለም ለቃሚ፦
ልክ ነው ጓደኛህ። ተመስጦ ከግዕዙ «መሠጠ» የመጣ ነው፤ ነጠቀ ማለት ነው። የተመሰጠ ሰው የተነጠቀ ሰው ነው። የሐዋርያት ሥራ 10፥10ን ተመልከት። ጴጥሮስ ሊጸልይ ሰገነት ላይ ወጥቷል፣ ርቦታል፣ ምግብ እየተዘጋጀለት ነው። ያኔ ተመስጦ «መጣበት» ይላል። ግሱን ልብ በል። ጴጥሮስ አላመጣውም። ጽሑፍህ የሚመዝነው ግን ሰው ተቀምጦ የሚለማመደው ነገር ነው፦ አጭር ቃል ትመርጣለህ፣ ሐሳብ ሲመጣብህ ወደ ቃሏ ትመለሳለህ። ልምምዱን ተመስጦ ካልከው ውጤቱን ከወዲሁ ሰጠኸው።

ጠያቂ፦
እሺ፣ «ማሰላሰል» ልበለው?

ቀለም ለቃሚ፦
እሱም ያስቸግራል። መዝሙር 1፥2 በቀድሞው ትርጉም «ያስባል» ነው፣ በአዲሱ መደበኛ ትርጉም «ያሰላስላል»። የዕብራይስጡ ግስ «ሃጋ» ደግሞ ድምፅ አለው። ኢሳይያስ 31፥4 ላይ አንበሳ ያደነውን ይዞ የሚያጉረመርመው በዚሁ ግስ ነው! እና የመዝሙሩ ሰውዬ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ልክ ለፈተና እንደሚሸመድድ ተማሪ። ኢያሱ 1፥8ም መጽሐፉ «ከአፍህ አይለይ» ነው የሚለው። በዚያ ላይ ማሰላሰል ተሳቢ ይፈልጋል። ምኑን? ሕጉን። የሚያወጡት የሚያወርዱት ነገር ከሌለ ምኑን ያሰላስሉታል? ይሄኛው ልምምድ ደግሞ ሐሳቡን ሁሉ ልቀቀው ነው የሚልህ።

ሌላ አባል፦
«አርምሞ» በለውና ተገላገል። ዝምታ ማለት ነው፣ ለማንም አያዳላም። «ጽሞና»ን ግን አደራ። የጽሞና ጊዜ ብለን እናነባለን፣ እንጸልያለን፣ አንዳንዴም እንዘምራለን። ዝም የሚል የለም።

ጠያቂ፦
ጽሑፉ ማቴዎስ 6፥7ን ጠቅሶ መደጋገም ክልክል ነው ይላል። እንዳለ ልተርጉመው?

ቀለም ለቃሚ፦
የጸሐፊውን ሐሳብ እንዳለ አስቀምጥ፣ ጥቅሱን ግን አትቁረጥ። «በከንቱ አትድገሙ» ነው የሚለው። «በከንቱ»ን ካወጣህ መዝሙር 136 ራሱ ይወድቃል፤ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና»ን 26 ጊዜ ይላል። ጌታም በጌቴሴማኒ ያንኑ ቃል ደግሞ ጸልዮአል፣ ማቴዎስ 26፥44። ስህተት የተባለው በቃል ብዛት እንሰማለን ብሎ ማሰቡ ነው። እኔ ብሆን ይህን ልምምድ የምጠይቀው ስለ ድግግሞሹ አይደለም። ቃሏ ትርጉም አላት ወይስ ሐሳብ ማባረሪያ ብቻ ናት? እሱን ነው።

ጠያቂ፦
«የአርምሞ ጸሎት» ብዬ ሁሉንም ቦታ አስተካከልኩ። ተመስጦን ጴጥሮስ ጋ ብቻ ተውኩት።