ጥያቄ፦ አውራ ጣቴ ከሥር አላልፍ አለኝ፣ እሁድ ኪቦርድ የምይዘው እኔ ነኝ!

ጀማሪው_ከአዳማ (ሐሙስ ማታ)
ሰላም ለዚህ ቤት። ቶሎ የምትመልሱልኝ ካላችሁ እባካችሁ። የቸርቻችን ኪቦርድ ተጫዋች ድንገት ውጭ ሄደና መዘምራኑን እሁድ የማጅበው እኔ ሆንኩ። ከጀመርኩ ሁለት ወሬን ብይዝ ነው። ኮርዱን (አብረው የሚመቱትን ድምፆች) በግራ እጄ እንደምንም እይዛለሁ። የሚያስቸግረኝ ቀኙ ነው። ዶ ሬ ሚ ብዬ ፋ ላይ ስደርስ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ሥር ማለፍ አለበት አይደል? አያልፍም። ክርኔ እንደ ዶሮ ክንፍ ብድግ ይላል፣ ድምፁ ይቆረጣል፣ ፋዋ ደግሞ ጮኻ ትወጣለች። 4ኛዋ ጣቴ ሞታለች ማለት ይቻላል። ከትናንት ጀምሮ የእጄ አንጓ ያቃጥለኛል። ጂም ቤት ያለችውን፣ በእጅ የምትጨመቀዋን ስፕሪንግ ነገ ልገዛ ነው። ጣት ታጠነክራለች?

ሳቂታው
ቀላል ነው። ኪቦርዱን ራሱን የምታጫውተዋን፣ ዴሞ የምትለዋን ተጫን፣ ጭንቅላትህን ወዝውዝ፣ ዓይንህን ጨፍን። ማንም አያውቅብህም።

ባለ61
ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም 60 ላይ (በደቂቃ 60 ምት) አድርገህ ቀስ ብለህ ተለማመድ። አለቀ።

የሲልቨር_ስፕሪንጉ
ወንድሜ፣ ኪቦርድ ላይ የጣት አሠራር አይለመድም። 88 ቁልፍ ያለው፣ ሲጫኑት ክብደት ያለው ፒያኖ ያስፈልግሃል። እኔ እዚህ ሦስት ዓመት በቀላሉ ኪቦርድ ስደክም ኖሬ ትክክለኛው ላይ ስቀመጥ ከዜሮ ነው የጀመርኩት።

ባለ61
ጌታዬ፣ ልጁ እሁድ ነው ያለው። እስከ እሁድ 88 ቁልፍ ከየት ይምጣለት? ሜትሮኖም 60፣ ቀስ በል።

የድሮ_መምህር
ልጄ፣ አውራ ጣት አስቸገረኝ ብለህ አትፈር። እሷ ከሌሎቹ እኩል ሥራ የያዘችው ዘግይታ ነው። የታላቁ ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ የባኅ ልጅ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል በ1753 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ ላይ አባቱ የነገረውን ጽፏል። አባትየው በወጣትነቱ የሰማቸው ትልልቅ ተጫዋቾች እጅ በሰፊው መዘርጋት ሲኖርበት ካልሆነ በቀር አውራ ጣትን አይነኩትም ነበር። ስለዚህ ያንተ አውራ ጣት የጥንቱን ወግ ይዛ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። አውራ ጣት 1፣ ትንሿ 5 ናት። ቀኝ እጅ ከዶ ሲወጣ 1 2 3፣ ከዚያ 1 2 3 4 5 ነው። ግራው ሲወጣ 5 4 3 2 1፣ ከዚያ 3 2 1። ስህተቱ የሚፈጠረው ፋ ላይ ሳይሆን ቀደም ብሎ ነው። አንተ ሚን ከመታህ በኋላ ነው አውራ ጣትህን የምትፈልገው። 2 ሬን ስትመታ አውራ ጣትህ ዶን ለቅቃ ወደ መዳፍህ ሥር ጉዞ መጀመር አለባት። 3 ሚን ስትነካ እሷ ፋ አፍ ላይ ደርሳ ትጠብቃለች። የምትመታው በጥፍሯ ጎን ጫፍ ነው፣ በሆዷ አይደለም። እጅህን ወደ ቀኝ የሚወስደው ክንድህ ነው። ክርንህ ይከተል እንጂ አይነሳ።

ይህን አድርግ፦ በ3ኛ ጣትህ ሚን ተጭነህ ያዝ፣ አትልቀቅ። አውራ ጣትህን ዶ፣ ፋ፣ ዶ፣ ፋ እያልክ አመላልስ። አሥር ጊዜ። ፋ እንደ ዶ ለስላሳ ሆና እስክትወጣ።

ጀማሪው_ከአዳማ
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሞከርኩት፣ ዶ እና ፋ ይመጣሉ፣ ግን አንጓዬ አሁንም ያቃጥለኛል። ስፕሪንጓስ?

ፊዚዮዋ
እንዳትገዛት! ጣትን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ዋና ጡንቻዎች ያሉት ክንድህ ላይ ነው፣ ወደ ጣት የሚመጣው ጅማቱ ነው። የ4ኛዋ ጅማት ደግሞ እጅ ጀርባ ላይ ከጎረቤቶቿ ጋር የተያያዘ ነው። አልሞተችም፣ ታስራ ነው የተፈጠረችው። እያነሳህ ማስጨነቅ ሳይሆን ክንድህ ወደ እሷ ዘንበል እንዲል ማድረግ ነው። ጣትን በመሣሪያ ማሠልጠን የሞከረ ሹማን የሚባል ጀርመናዊ ነበር፣ ቀኝ እጁ ተበላሽቶ ፒያኒስት የመሆን ሕልሙን ትቶ ድርሰት ላይ ቀረ።

የሚያቃጥልህ ሌላ ነገር ነው። ኪቦርዱ የት ነው ያለው? አንተስ ምን ላይ ነው የምትቀመጠው?

ጀማሪው_ከአዳማ
ቡፌው ላይ። ቴሌቪዥኑን አንስቼ።

ሳቂታው
ቡፌ!!! 😂 ብርጭቆዎቹ አብረው ይዘምራሉ በለኛ።

ጀማሪው_ከአዳማ
በርጩማ ላይ ነው የምቀመጠው። ጉልበቴ ቡፌው ሥር ስለማይገባ ትንሽ ወደ ጎን ዞሬ።

ፊዚዮዋ
አገኘነው እኮ። ኪቦርዱ ደረትህ ጋ ነው፣ አንጓህ ተቀልብሶ ነው የሚሠራው፣ ላዩ ላይ ተጠማዝዘሃል። በዚህ አቀማመጥ የማንም አውራ ጣት አያልፍም። ምግብ የምትበሉበት ጠረጴዛ ላይ አውርደው። ወንበሩ አጭር ከሆነ ጋቢ አጥፈህ ሥርህ አድርግ። ክርንህ ከቁልፎቹ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ይበል። የወንበሩ የፊት ግማሽ ላይ ተቀመጥ፣ እግርህ መሬት ይንካ። ሃያ ደቂቃ ሠርተህ እረፍ። ሲያቃጥልህ ደግሞ ተወው፣ በጸሎት አትግፋው። ካልተወህ ሐኪም ይየው።

ባለ61
እና ሜትሮኖም 60።

አንቺሆዬ
ሁላችሁም ጥያቄውን ተቀብላችሁ ነው የምትመልሱት። እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። እሁድ የሚዘመሩት በምን ቅኝት ናቸው?

ጀማሪው_ከአዳማ
ሦስቱ ትዝታ ሜጀር፣ አንዱ የፈረንጅ ዜማ።

አንቺሆዬ
ታዲያ ፋ ምን ያደርግልሃል? ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሳ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። ፋ የለም፣ ሲ የለም። አምስት ድምፅ፣ አምስት ጣት! ዶን በ1፣ ሬን በ2፣ ሚን በ3፣ ሶልን በ4፣ ላን በ5 ያዝ። ሚ እና ሶል መካከል ጣትህን ትንሽ ከፈት ማድረግ ብቻ ነው። አውራ ጣት የትም አያልፍም። ዜማው ከላ አልፎ ወደ ላይኛው ዶ ሲወጣ ብቻ 1 2 3 1 2 3 ትጠቀማለህ፣ ሶል ላይ አውራ ጣት ይገባል። ሦስቱን መዝሙር በዚህ ጨርስ። ለፈረንጁ የቀኝ እጅ ዜማውን ተወው፣ ኮርድ ያዝለት፣ ዜማውን መዘምራኑ ይሸከሙት።

ጥቁሯን_ብቻ
ከዚህም ይቀላል። አምስቱ ጥቁሮች ከፋ ሻርፕ (ከፋ ቀጥላ በቀኝ ካለችው ጥቁር) ሲነሱ ራሳቸው ትዝታ ሜጀር ናቸው። ድምፁን ከፍና ዝቅ የምታደርገዋን ትራንስፖዝ አስተካክልና ጥቁሮቹን ብቻ ምታ፣ ብትፈልግ እንኳ አትሳሳትም።

የድሮ_መምህር
ትራንስፖዝ ቁልፍ የስንፍና ቁልፍ ነው። ግን ጥቁሮቹን በተመለከተ እውነት አላት። ፖላንዳዊው የፒያኖ ደራሲ ሾፓን ተማሪዎቹን የሚያስጀምረው ከዶ አልነበረም። ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል ሻርፕ፣ ላ ሻርፕ፣ ሲ ላይ ነበር እጃቸውን የሚያስቀምጠው። ረጃጅሞቹ ጣቶች ጥቁሮቹ ላይ፣ አጫጭሮቹ ነጮቹ ላይ ያርፋሉ፣ እጅ እንደተፈጠረ ይቀመጣል። እሱ ዘንድ ሁሉም ነጭ የሆነው የዶ ስኬል ለማንበብ ቀላል፣ ለእጅ ከባዱ ነበር። እኛ ነን ሁሉን በዶ ጀምረን ልጁን የምናሰቃየው።

ጥቁሯን_ብቻ
ጋሼ፣ ስንፍና ያሉትን ትራንስፖዝ እሁድ ጠዋት ዘማሪዋ ድምፅዋ ዘግቶ «ዝቅ አድርግልኝ» ስትል እናያለን።

የድሮ_መምህር
እንዳልሽ።

የሲልቨር_ስፕሪንጉ
አሁንም 88 እላለሁ።

ሳቂታው
ቡፌው ላይ አይገባም።

ፊዚዮዋ (ማክሰኞ)
እሁድ አለፈ። ልጁ የት ገባ? አንጓህስ ተሻለህ?

ሳቂታው
ቴሌቪዥኑን እየመለሰ ነው።

ሐረር_ነኝ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)
ይቅርታ አሮጌ ጥያቄ ስላነሳሁ። የኔ ደግሞ ግራ እጄ ነው፣ ስወጣ 3ኛው ጣት አውራ ጣቱ ላይ ሲሻገር ይጣላሉ። ኪቦርዱ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ቡፌ የለንም። የሚረዳኝ አለ?

ባለ61
ሜትሮኖም 60።