ኮቹ ልጄን ሲሰድበው ዝም ልበል ወይስ ልናገር? (ድሬዳዋ፣ የታዳጊዎች ኳስ)

የበረኛው እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። እስኪ የኳስ ሰዎች ምክር ስጡኝ።

ልጄ 11 ዓመቱ ነው። በረኛ ነው። ሳቢያን አካባቢ በሰፈር ፕሮጀክት ይሰለጥናል። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሜዳ ይገባሉ፤ ፀሐይዋ ሳትከር ይጨርሳሉ። የድሬን ፀሐይ ለምታውቁት መንገር አያስፈልግም።

ኮቹ መጥፎ ሰው አይደለም። ይሄን አስቀድሜ ልናገር። ደሞዝ የለውም። ኳስ ሲፈነዳ ከኪሱ ነው የሚገዛው። ታኬታ የሌለው ልጅ ካለ ከየትም ብሎ ያመጣለታል። ችግሩ አፉ ነው። ጨዋታው ከተጀመረ እስኪያልቅ አፉ አይዘጋም። "ደደብ!" "ገልቱ!" "አንተን ብሎ በረኛ!" "ሴት ነህ እንዴ?" ይቺን የመጨረሻዋን ሲናገር እኛ እናቶቹ አጠገቡ ቆመን ነው እኮ።

ባለፈው ከገንደ ቆሬ ልጆች ጋር ሲጫወቱ አንድ ነገር አየሁ። ኳሷ በእግሮቹ መሀል ሾልካ ገባችበት። ልጄ ዞሮ ኳሷን አላነሳም። መጀመሪያ ያየው ኮቹን ነው። ከዚያ በኋላ ኳስ በመጣ ቁጥር እንደዚያው ሆነ፤ አንድ ዓይኑ ኳሷ ላይ፣ አንድ ዓይኑ ኮቹ ላይ። እንዲህ ሆኖ ማን ኳስ ይይዛል?

ወላጆቹ ደግሞ አሉላችሁ። "ስበረው!" እያለ የሚጮህ አባት አለ። የሚሰበረው እኮ የ11 ዓመት ልጅ ነው፣ ያውም የሰው ልጅ። ዳኛው ራሱ ገና ትምህርት ቤት ያለ ጎረምሳ ነው፤ እሱንም አይምሩትም።

ባሌ "ወንድ ልጅ ነው፣ ይጠንክር፣ አትግቢበት" ይለኛል። ልጁን ስጠይቀው "ምንም አይደል እማ" ይላል። ግን አርብ አርብ ማታ ሆዴን አመመኝ ማለት ጀምሯል። ኳስ ጠልቶ እንዳይመስላችሁ። ሰፈር ውስጥ በካልሲ ኳስ ሲጫወት ብታዩት ሌላ ልጅ ነው። ድንጋይ ላይ ሳይቀር ይወረወራል፣ ይጮሃል፣ ይስቃል።

ላስወጣው? ወይስ ኮቹን ላናግረው? ካናገርኩትስ ቂም ይዞ ልጄን ቤንች ላይ አያስቀምጥብኝም?


አቦ ተጫወት፦

አቦ እናት፣ አይክፋሽና ታካብጃለሽ። እኛ ደቻቱ አሸዋ ላይ በባዶ እግራችን ስንጫወት ተሰድበናል፣ ተኮርኩመናል። ምን ሆንን? ይቺ ከተማ በ1950ዎቹ በጥጥ ፋብሪካ ቡድኗ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የነበረች ናት። ያኔ "ጎበዝ የኔ ልጅ" እያለ ጭንቅላት የሚዳብስ አሰልጣኝ የነበረ ይመስልሻል? ነገ ስታዲየም ገብቶ ሲጫወት ስንት ሺህ ሰው ይሰድበዋል። ከአሁኑ ይልመደው። ተይው ወላሂ።


የአሸዋ ሜዳ አሰልጣኝ፦

እህቴ፣ ልጁን አታስወጪው። ዝምም አትበዪ።

አቦ ተጫወት ወንድሜ፣ "ተሰድበን ምን ሆንን" ላልከው፣ አንተ የምታየው የቀረኸውን ነው። ከአንተ ጋር ከጀመሩት ስንቶቹ በ13 በ14 ዓመታቸው ኳስ ተዉ? ከአንተ የተሻለ የሚጫወት አልነበረም ከመሀላቸው? እነሱ እዚህ መጥተው አይጽፉም።

እኔ ታዳጊዎችን ለረጅም ጊዜ አሰልጥኛለሁ፤ አሁንም ጠዋት ጠዋት ሜዳ ነኝ። ስለ በረኛ ልንገርሽ። አጥቂ ደጋግሞ ቢስት ማንም አያስታውሰውም፣ በመጨረሻ አንዷን ካገባ ጀግና ነው። በረኛ አንዴ ከሳተ ጎል ሆኖ ይቆጠርበታል። ስለዚህ የሚፈራ በረኛ ምን ያደርጋል? መስመሩ ላይ ይተከላል። ኮርነር ሲሻማ አይወጣም። ወጥቶ ከሳተ ጥፋቱ የሱ ነው፤ ቆሞ ከገባበት ግን ጥፋቱ ለተከላካዮቹ ይካፈላል። ልጆች ይሄን ሒሳብ ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። ኮቹ "ውጣ! ውጣ!" ብሎ ይጮሃል፣ ልጁ የማይወጣው ግን በዚያው ጩኸት ነው።

ለኮቹም በዚህ በኩል ግቢለት። "ልጄን አትስደብብኝ" ካልሽው የእናት ነገር ነው ብሎ ያልፈዋል። "ልጁ አንተን እያየ ኳስ እያመለጠው ነው" በይው። የኳስ ሰው ስለሆነ ይገባዋል።

ሜዳ ላይ አታናግሪው። ልጆቹ ፊትማ በጭራሽ። ወላጆች ሰብስበሽም አትሂጂ፤ የተከሰሰ ይመስለዋል፣ ይደርቅብሻል። ልምምድ አልቆ ልጆቹ ሲበተኑ "ኮች፣ ና ሻይ እንጠጣ" በይው። መጀመሪያ ለሚያደርገው ነገር አመስግኚው፤ ኳስ ከኪሱ የሚገዛ ሰው ምስጋና ይገባዋል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው። ጎል ሲገባ ኳሷ መሀል ሜዳ ደርሳ ጨዋታው እስኪጀመር ዝም ይበል። በቃ። "ሴት ነህ እንዴ"ን ለሌላ ቀን አቆይው። (እኔ ጋ ግን ያ ቃል አይሠራም። ከማሰለጥናቸው ሴቶች አንዷ ፊት ቢናገረው በእግሮቹ መሀል አሳልፋ ታሳየው ነበር።)

እኔ ጨዋታ እየተካሄደ አላርምም። ኳስ እግሩ ሥር ያለችበት ልጅ "ወደ ግራ! አቀብል! ምታ!" ቢባል ሦስቱንም አይሰማም። ሲቀየር ወይም ዕረፍት ላይ አጠገቤ አስቀምጠዋለሁ። "ምን አየህ?" ብዬ መጀመሪያ እሱን እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱን ከኔ በላይ ያውቀዋል። ካላወቀው አንድ ነገር እነግረዋለሁ። ሁለተኛውን ለማክሰኞ ልምምድ።

ስፖርታዊ ጨዋነት የሚሉትም ነገር ባነር ላይ ተጽፎ ስለተሰቀለ አይመጣም። ልምምድ ውስጥ መግባት አለበት። እኔ ልምምድ ላይ ዳኛ አላቆምም። ፋውል የሠራው ልጅ ራሱ እጁን ያነሳል። መጀመሪያ ላይ ማንም አያነሳም። ጭቅጭቅ ይሆናል፣ ጨዋታው ይቆማል። ልጅ ደግሞ ጨዋታ ሲቆምበት አይወድም፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ አንዱ ማንሳት ይጀምራል። አንድ ትንሽዬ ተከላካይ አለኝ፣ ራሱ ወገቤ ጋ የሚደርስ። ጎሉ አፍ ላይ ኳስ እጁን ነካችው። ማንም አላየም፣ እኔም አላየሁም። እጁን አነሳ። "ነክታኛለች" አለ። የገዛ ቡድኑ ሊበላው ደረሰ! ሄጄ ጨበጥኩት። ሪጎሬው ተመታ፣ ገባ፣ ተሸነፉ። ለሚቀጥለው ጨዋታ አምበል አደረግኩት። ሌሎቹ ያንን አይተዋል፤ ምንም ንግግር አላደረግኩም።


የከዚራ ልጅ ከቨርጂኒያ፦

ሰላም ድሬዎች። እኔ እዚህ አሜሪካ ነኝ። የኔ ልጅ እግር ኳስ እምቢ ብሎ ቤዝቦል ገባ፤ የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ ነው። እኔም ቅዳሜዬን ታጣፊ ወንበር ላይ ሱፍ እየፈለፈልኩ አሳልፋለሁ። (ተጫዋቾቹም ሱፍ ይፈለፍላሉ፣ ያውም ሜዳ ውስጥ። አገሬ ያለሁ ይመስለኛል።)

ስለ ቤንች ለጠየቅሽው፣ እዚህ ሊትል ሊግ የሚባል የልጆች ቤዝቦል አለ። እ.ኤ.አ. በ1939 ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ዊሊያምስፖርት ከተማ የተጀመረ ነው። በመደበኛው ውድድር አሰልጣኙ ደስ ስላለው ልጅ አስቀምጦ አይጨርስም። እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዱላ ይዞ ይመታል። ሜዳ ላይም ተጋጣሚው ቢያንስ 6 ጊዜ አውት እስኪሆን፣ ማለትም 6 መቺ እስኪወጣበት ድረስ ይጫወታል። ደንብ ነው፣ ልመና የለም። ኳስ ወርዋሪውም በቁጥር ነው። የ9 እና የ10 ዓመት ልጅ በቀን ከ75 በላይ አይወረውርም፤ የ11 እና የ12 ዓመት ልጅ ከ85 በላይ አይወረውርም። 66 ከደረሰ 4 ቀን ያርፋል። ለአንድ ዋንጫ ተብሎ የልጅ ክርንና ትከሻ እንዳያልቅ ነው። እናንተ ሰፈር ደንቡን የሚያወጣ ሊግ ባይኖርም ሁለት ኮቾች ከጨዋታ በፊት "ሁሉም ልጅ ግማሽ ግማሽ ይጫወት" ተባብለው ቢስማሙ ማን ይከለክላቸዋል?

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ቤዝቦል የስህተት ጨዋታ ነው። ከ10 ጊዜ 3 ጊዜ የመታ ሰው ጎበዝ ይባላል። ቴድ ዊሊያምስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1941 ከ10 ጊዜ 4 ያህል መትቶ እስከ ዛሬ ስሙ ይነሳል። በቀረው 6 ስቷል ማለት ነው! በዚህ ጨዋታ ልጅ በሳተ ቁጥር ቢሰደብ ቀኑን ሙሉ መሰደብ ነው። ስለዚህ አንዳንድ አሰልጣኞች ምልክት ያስተምራሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተመሠረተ ፖዚቲቭ ኮቺንግ አላያንስ የሚባል ድርጅት አለ፤ እሱ ያስፋፋው ነው። ልጁ ሲሳሳት የሽንት ቤት ውሃ የሚለቅ ያህል እጁን ወደ ታች ይስባል። ሄደ፣ አለቀ፣ የሚቀጥለው ኳስ። የቡድን ጓደኞቹም ከሩቅ ያንኑ ያሳዩታል። ልጆቹ ይስቁበታል፣ ግን ይሠራል። ለበረኛሽ አስተምሪው፤ ኮቹን ማስፈቀድ አያስፈልግም። ድርጅቱ አንድ እርማት ለመስጠት አምስት ጊዜ ያህል የሠራውን ጥሩ ነገር ንገሩት ይላል። አምስቱን መቁጠር ይከብዳል፣ ኮቹ አንዷን ይጀምር።

እዚህም ሁሉ መልአክ አይደለም። አምፓየር (የቤዝቦል ዳኛ) ላይ የሚጮህ አባት ሞልቷል። ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ቴክሳስ፣ ዋኮ ላይ በተደረገ የሊትል ሊግ ጨዋታ የሆነውን ፈልጋችሁ እዩት። የተወረወረ ኳስ የኦክላሆማውን መቺ ጭንቅላቱ ላይ፣ ሄልሜቱን መታው። ወደቀ። ተነስቶ ቤዙ (መቺ ሮጦ የሚደርስበት ምልክት) ላይ ቆመ። ዞር ሲል ወርዋሪው ደንግጦ እያለቀሰ ነው። የተመታው ልጅ ሄዶ የመታውን አቀፈው። ተጋጣሚው ነው እኮ።


ፊሽካ፦

እኔ ዳኛ ነኝ፣ አጭር ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በኳስ ሕግ አሰልጣኝም ቢጫና ቀይ ይሰጠዋል። ያ ጎረምሳ ዳኛ ይሄን ይወቅ። ግን በልጆች ጨዋታ ካርድ ከመምዘዝ በፊት ሄዶ "ኮች፣ እባክህ" ማለት ይበልጥ ይሠራል።

ለወላጆቹ ገመድ ዘርጉ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2008 ሪስፔክት ብለው በጀመሩት ዘመቻ ያደረጉት ይሄንኑ ነው፤ ተመልካቹን ከመስመሩ አራቁት። ሁለት ሜትር ይበቃል። መስመሩ ላይ የቆመ አባት ራሱን ተጫዋች ያደርጋል። ወደ ኋላ ሲል ተመልካች መሆኑ ትዝ ይለዋል። "ስበረው" የሚለውን ሰውዬ ደግሞ ሥራ ስጡት። "ጋሼ፣ ለልጆቹ ውሃ ያመላልሱልን" በሉት። ለሁለቱም ቡድን። ለተጋጣሚው ልጅ ውሃ አቀብሎ ተመልሶ "ስበረው" ማለት ይከብዳል።


አቦ ተጫወት፦

ገመዷ ተመችታኛለች። የሽንት ቤቷ ደግሞ ገደለችኝ አቦ። ግን ትንሽ ቆጣ ማለት የግድ ነው፣ በዚህ አልለቅም። ያለ ቁጣ ልጅ ይፈነጫል።


የአሸዋ ሜዳ አሰልጣኝ፦

እቆጣለሁ እንጂ! "ቦታህን ያዝ!" ብዬ ስጮህ ሜዳው ጫፍ ይሰማል። ልጁ ቦታውን ይይዛል። "ደደብ!" ስትለው ግን ምን እንዲያደርግልህ ነው? ወደ የት ይሩጥ? ዘግይቶ ከመጣ፣ ጓደኛውን ከመታ፣ ዳኛ ከተሳደበ ቤንች ላይ ይቀመጣል፣ አላስገባውም። ጎል ስለገባበት ግን አይቀጣም።


የበረኛው እናት፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም።

ኮቹን ሻይና ሳምቡሳ ጋበዝኩት። መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ። "እኔም የሰለጠንኩት በዚህ ነው" አለኝ። አልተከራከርኩትም። ልጁ ከኳሷ ይልቅ እሱን እንደሚያይ ስነግረው ግን ሳምቡሳውን አስቀመጠ። "እኔ እኮ ሁሌ ፊት ፊቱን ነው የማየው፣ ጎሉን አላይም" አለ። ጎል ሲገባ ዝም ለማለት እሞክራለሁ ብሏል። ቃል አልገባም፤ ባይገባም ይሻላል፣ አመሉን አውቀዋለሁ። ግማሽ ግማሽ የሚለውን ነገር አልወደደውም። "ከደካሞቹ ጋር ሲሆን እሺ" አለ።

ልጄ የእጅ ምልክቷን ከታናሽ እህቱ ጋር ቤት ውስጥ ሲለማመድ ነው ያመሸው። እህቱ እንዲያውም ሳህን በሰበረች ቁጥር ታደርገው ጀምራለች፣ ተቸግሬያለሁ።

ገመዱን ኮቹ ተስማምቶበታል፤ አሸዋ ገበያ ጎረቤቴ ስለሚሸጥ አመጣለሁ። "የስበረውን አባት ግን አንቺ ንገሪው" ብሎ ለኔ ተወው። ሰውዬው የባሌ ጓደኛ ነው፣ በርጫ ላይ አብረው ነው የሚቀመጡት። ፊሽካ፣ ውሃ አመላላሽነቱን እኔ ልንገረው ወይስ በባሌ በኩል ይሻላል? እሁድ ከመጋላ ልጆች ጋር ስለምንጫወት ቶሎ መልስልኝ።