የሰበሰብኩት ሞስ ፌስታል ውስጥ እያላበ ነው፣ ቶሎ ድረሱልኝ!

ጤዛ፦ ትናንት ኖራ ድንጋይ ኮረብታ ላይ ሞስና ሊቨርዎርት (አበባ የሌላቸው፣ ድንጋይና እርጥብ ቦታ ላይ የሚበቅሉ ትንንሽ እፅዋት) ስንፈልግ ዋልን። ዛሬ ስከፍተው ፌስታሉ ላብ በላብ ሆኗል። ሁለቱ ጠቁረዋል። ፀሐይ ላይ ላስጣው ወይስ ፍሪጅ ላስገባው? ሁሉም ኖራ ወዳድ ዝርያዎች ናቸው፣ ከኖራ ድንጋይ ላይ ነው ያነሳኋቸው።

ኮረብታ፦ ፌስታል ለሞስ አይሆንም፣ ሁሌ የምለው ነው። ወረቀት አጥፈህ ፖስታ ትሠራለህ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከድንጋይ ይሁን ከአፈር ወይም ከዛፍ ቅርፊት እንደተነሳ ትጽፍበታለህ። ያልተጻፈበት ናሙና ለማንም አይጠቅምም። ደግሞ ጠቅልሎ መንቀል ነውር ነው፤ ቁንጥር ያህል ትበቃለች።

ጤዛ፦ እሺ ጋሼ፣ ለሚቀጥለው። አሁንስ?

ዋሻ፦ አውጣና ወረቀት ላይ ዘርጋው። ጥላ ውስጥ ይድረቅ።

ነጠብጣብ፦ ቆይ፣ ሁሉንም አታድርቅ! ቅጠላቸው ግራና ቀኝ ጠፍጣፋ ሆኖ የተደረደረ፣ የመሃል ጅማት የሌለው ብዙውን ጊዜ ሊቨርዎርት ነው። እነሱን ለይ። ሴሎቻቸው ውስጥ የዘይት እንክብሎች አሉ። የእንክብሎቹ ቅርፅና ብዛት ዝርያውን ለመለየት በጣም ይረዳል፤ ሲደርቅ ግን ይጠፋሉ፣ ውሃ ብታጠጣውም አይመለሱም። ማይክሮስኮፕ ካገኘህ ዛሬውኑ እያቸው። እስከዚያው ፍሪጅ ይግቡ፣ ግን ስም ጻፍባቸው፣ የቤት ሰው ሰላጣ እንዳይመስለው። ሞሱ አያሳስብህ። ደርቆ ቢከርምም ውሃ ስትረጭበት ቅጠሉን መልሶ ይዘረጋል።

ገደል፦ እኔ ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ከኖራ ድንጋይ ላይ ስለተነሳ ብቻ ኖራ ወዳድ አይባልም። አናቱ ላይ የተጠራቀመው ብስባሽ በዝናብ እየታጠበ ኖራው ያልቅበታል። አሲድ የሚወዱት እዚያ ላይ ይበቅላሉ። ራሱን ድንጋዩን ጨብጦ የበቀለው ነው የሚታመነው። ለመሆኑ ድንጋዩ ኖራ ነው? ኮምጣጤ ጠብ አድርገህ አረፋ አወጣ?

ጤዛ፦ አልሞከርኩም፣ ነጭ ስለሆነ ነው። ከጠቆሩት ሌላ አንዱ እንደ ሪባን ሰፊ ነው። ላዩ ባለ ስድስት ጎን መስመር አለው፣ ስጨፈልቀው በኃይል ይሸታል። ተበላሽቶ ይሆን? ልጣለው?

ነጠብጣብ፦ ኧረ እንዳትጥለው! ኮኖሴፋለም የሚባለው ሪባን መሳይ ሊቨርዎርት ይመስላል፣ ሽታው የራሱ ነው። በሌንስ እየው። በእያንዳንዱ ስድስት ጎን መሃል ነጭ ነጥብ ካለች እሱ ነው። ነጥቧ አየር የሚያስገባው ቀዳዳ ናት። እኔ እሱን ባገኘሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ገደል፦ ነጭ ድንጋይ ሁሉ ኖራ አይደለም። ኮምጣጤውን ሞክረህ ንገረን።

ዋሻ፦ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይዘርጋው እንጂ! ዘረጋኸው?